ጭራቅ የሌለበት ሽፋን

አንድ ቀን በሦስት መቶ ዘጠና ሺህ ብር ላይ ጭራቅ ተቀመጠ።

ብሩ የደምመላሽ ነበር። ጭራቁም የደምመላሽ ነበር። መጋዘኑ ግን የእኔ ማተሚያ ቤት መጋዘን ስለሆነ፣ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያየሁት እኔ ነኝ።

ደምመላሽ መጽሐፍ አሳታሚና አከፋፋይ ነው። ሁለታችንም የጀመርነው ከባዶ ነው፤ እሱ መንገድ ዳር በተዘረጋ አንድ ጆንያ አሮጌ መጽሐፍ፣ እኔ በእግር በምትረገጥ አንዲት ማተሚያ። መቁጠር እኔም እወዳለሁ። እሱ ግን ሻይ ሲጋብዝህ ስኳሩን ራሱ ነው የሚጨምርልህ። ክብር የሰጠህ ይመስልሃል፤ እንዳታበዛበት ነው።

ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በውሻው ነገር ማወቅ ይቻላል። ከስድስት ዓመት በፊት አንበሴ የሚባል ውሻ ነበረው። አንበሴ ሰው ይወዳል፤ ጠላትና ወዳጅ አይለይም። አንድ ክረምት ሌባ ገብቶ የግቢውን የነሐስ ቧንቧ ፈትቶ ወሰደ። ጠዋት ጭቃው ላይ ሲታይ የሌባው ዱካና የአንበሴ ዱካ ጎን ለጎን እስከ በሩ ድረስ ሄዷል። ሸኝቶታል ማለት ነው። ደምመላሽ ቁጭ ብሎ አጥንቱን፣ ፍርፋሪውን፣ የክትባቱን ዋጋ ደመረና አንበሴን ሱሉልታ ላለው የሚስቱ ወንድም ሰጠው። በምትኩ የብረት በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ተናካሽ ውሻ አለ» ብሎ አጻፈ። የአንበሴን ሰንሰለት ግን አልሰጠም፤ ብረት ነዋ። በሩ ውስጥ በኩል ሰቀለው።

ከዚያ ወዲህ ከግቢው ምስማር እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ይህንን ምስጢር ከእሱ ሌላ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ ሚስቱ እትዬ በለጥሻቸው፣ አብራው ስለምትኖር፣ እና እኔ፣ ያንን የሚያህል ቁጠባ ያለ ምስክር እንዲቀር አንጀቱ ስላልቻለ። «የማይበላ ውሻ ገዛሁ» ይለኛል፤ ይስቃል።

አሁን ወደ ጭራቁ ልመለስ።

መጽሐፉ «ማን አንኳኳ?» ይባላል። የጻፈችው ውዳላት የምትባል ልጅ ናት። ልጅ የምላት እኔ ስላረጀሁ ነው እንጂ ሠላሳውን አልፋለች። መጽሐፉ ተነቦ የሚቀመጥ አይደለም፤ የጨዋታ መጽሐፍ ነው። አምስት ስድስት ሆነው ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሆነው ይናገራሉ፣ ይማከራሉ፣ ይደበቃሉ። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ እንደ ሉዶ ዳይስ ተጥሎ ይታወቃል። ታሪኩ የአንድ ቤተሰብ ነው። በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል፤ ውጭ የሆነ ነገር ያንኳኳል። ምን እንደሆነ አያውቁም። መክፈትና አለመክፈት የተጫዋቾቹ ፋንታ ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አያስፈራኝም ብዬ ነበር። ሠራተኞቼ በምሳ ሰዓት ሞከሩት። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዋና ጠራዤ ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ ተወ። በጠራራ ፀሐይ ነው የምላችሁ።

ውስጡ እንዲህ ሆኖ ሳለ ሽፋኑን ደምመላሽ ለእህቱ ልጅ ሰጠው። የእህቱ ልጅ ባጃጅ ላይ ሥዕል የሚሥል ነው፤ ለአጎቱ ደግሞ በነጻ ይሠራል። ነጻ መሆኑ ነው ነገሩን ያበላሸው። ደምመላሽ ከጎኑ ተቀምጦ ጨምር ይለው ጀመር። ጭራቅ ተሣለ። ቀንድ ይጨመርለት ተባለ። ጥርሱ አነሰ ተባለ። ደም ተንጠባጠበ፣ ከደሙ ሥር የራስ ቅል መጣ፣ ከራስ ቅሉ ጎን ጅብ ቆመ፣ በጅቡ ላይ የሌሊት ወፍ በረረ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ብትተርፍ እባብ ገባባት። ውዳላት ስታየው ቅጂዋን እንኳ ሳትወስድ ወጣች።

ካተምነው አንድ ሺህ አምስት መቶ ውስጥ ሁለት መቶውን በዚያ ሽፋን ጠርዘን ላክን። መጻሕፍት ቤቶቹ ከልጆች ተረት ጋር ደረደሩት። ልጆች ወደዱት፤ ጭራቁንም «ጥርሶ» ብለው ስም አወጡለት። አንዲት እናት መጽሐፉን አገላብጣ፣ ጥርስ ስለመቦረሽ የሚያስተምር ነው ወይ ብላ ጠየቀች አሉ። መፍራት የሚወዱ አዋቂዎች የሚገዙት መጽሐፍ፣ አዋቂዎቹ ሳይነኩት ተመለሰ። የቀረው አንድ ሺህ ሦስት መቶው ሳይጠረዝ መጋዘኔ ውስጥ ተቆልሎ ቀረ። የአንዱ ዋጋ ሦስት መቶ ብር ነው፤ አባዙት።

ውዳላት ደምመላሽ ባለበት ቢሮዬ መጥታ ሽፋኑ ይለወጥ አለች። እጇ ሥዕል እንደሚያውቅ፣ ራሷ እንደምትሠራው ነገረችው። ደምመላሽ ሽፋኑ ምን እንደጎደለው ሊገባው አልቻለም፤ ያልተሣለ ነገር ካለ ይነገረኝና ይጨመር ነው የሚለው። በመጨረሻ በእኔ ምልጃ ተስማሙ። በአሥራ አምስት ሺህ ብር አዲስ ሽፋን ትሠራለች፤ በሳምንቱ ዓርብ ታመጣለች። ካሳመነው ይከፍላታል። ካላሳመነው ወረቀቱ በኪሎ ይሸጣል። ይኸው ነው። ሦስት ዓመት የጻፈችው ነገር ወይ መጽሐፍ ይሆናል፣ ወይ የቆሎ መጠቅለያ።

በዚያው ሳምንት የውሉን ወረቀት ለማስፈረም ቤቱ ሄደች። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከበሩ ስትደርስ ቀዩን ጽሑፍ አነበበችና ቆመች። ማንኳኳት ፈለገች፤ እጇ እምቢ አለ። ስልክ ደወለች፤ ደምመላሽ የጸሐፊዎችን ስልክ አያነሳም፣ ገንዘብ እንዳይጠየቅ። ፀሐዩ አናቷን እየመታት ቆማ ሳለ ነፋስ መጣና ከበሩ ኋላ ሰንሰለቱ ተንኳኳ። ውዳላት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ስለሚያስፈራ ነገር የጻፈች ሴት፣ ወደ ኋላ ስትሸሽ ጫማዋ ቦይ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ እትዬ በለጥሻቸው ወደ ገበያ ልትወጣ በሩን ስትከፍት አገኘቻት። ምን እንደሆነች ጠየቀቻት፤ ሰማች፤ በሩን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ውስጥ አስገብታ ውሃ ሰጠቻት፤ የአንበሴንም ታሪክ ከዱካው እስከ ሱሉልታ አጫወተቻት።

ዓርብ ጠዋት ሁላችንም ማተሚያ ቤቱ ነበርን። ደምመላሽ ቀድሞ መጥቷል፤ ብቻውን ግን አይደለም። ሸምሱን ይዞ ነው የመጣው። ሸምሱ ቆራሌው ነው። የእኛን ሰፈርና የደምመላሽን ሰፈር በር ለበር እየዞረ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ጋዜጣ የሚገዛ፣ ድምፁ ሦስት መንደር የሚሰማ ሰው። ሚዛኑን አቁሟል፣ ጆንያዎቹን አንጥፏል። ወረቀቱን በኪሎ በሃያ ብር ተነጋግረዋል፤ ሁሉም ቢመዘን አሥር ሺህ ብር ቢሞላ ነው። ውዳላት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ሚዛኑን ነው።

ሽፋኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

የብረት በር ነው። አረንጓዴ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጧል። ጣት የሚያስገባ ያህል ገርበብ ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት ሰንሰለት ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ተጠቅልሏል። ሌላው ጫፍ ምን ላይ እንደታሰረ አይታይም። ከላይ በትንንሽ ፊደል «ማን አንኳኳ?» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

ደምመላሽ መነጽሩን አደረገ። ገልብጦ ጀርባውን አየው፤ ጀርባው ነጭ ነው። በስንዝሩ ለካው። ከዚያ ሒሳቡን ጀመረ። ከገጹ እኩሌታው ጥቁር ነው፤ ጨለማ ደግሞ ማታ ማታ በነጻ ይመጣል፣ ማንም ከፍሎበት አያውቅም። የቀረው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ማየት የሚፈልግ ሰው መንገድ ይውጣ። የድሮው ላይ አራት አውሬ ነበር፤ እዚህ ላይ አንድም የለም። ስለዚህ ወይ ጭራቁ ከበሩ በላይ አንገቱን ያውጣ፣ ወይ ከአሥራ አምስቱ ሺህ አሥሩ ይቀነስ አለ። ውዳላት እጆቿን አጣምራ ትሰማዋለች። እኔ በበኩሌ ነገሩ ወደ ሚዛኑ እየሄደ መሆኑ ታየኝ።

በዚህ መሐል ሸምሱ የወረቀቱን ዓይነት ለማወቅ ሽፋኑን አነሳው። በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። ከዚያ ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ወደቀና እጁ ቆመ። አቀረበው። አራቀው። ቀስ ብሎ ገለበጠና ጀርባውን አየ። እንደገና መለሰው።

«ጋሼ፣ ከበሩ ኋላ ያለው ምንድን ነው?» አለ።

«ምንም የለም» አለ ደምመላሽ። «እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

ሸምሱ ግን አልሰማውም። «ይሄን በርማ አውቀዋለሁ» አለ። «የእርስዎ በር አይደል እንዴ? እዚህ ጋ ቀለሙ የተላጠው፣ መኪና የገጨው ነው።» ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ያስረዳን ጀመር። በየሰፈሩ እየጮኸ እንደሚሄድ፣ እዚያ በር ጋ ሲደርስ ግን አፉን ዘግቶ፣ ጆንያውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በወዲያኛው ጠርዝ እንደሚያልፍ ነገረን። ስድስት ዓመት ከዚያ ግቢ አንድ ጠርሙስ ገዝቶ አያውቅም። ውሻው ጥቁር ነው አለ። ቁመቱ እስከ ወገቡ ነው፤ እጁን ዘርግቶ አሳየን። አንድ ዓይኑ ነጭ ነው፤ አይጮኽም፣ ዝም ብሎ ነው የሚይዘው።

«አይተኸዋል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ባየውማ ዛሬ እዚህ እቆም ነበር?»

ዋና ጠራዤ ከኋላ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፤ ገብቶታል። የደምመላሽ ፊት ግን አበራ። ሰው የልጁን ጉብዝና ሲያወሩለት እንደሚሆነው ሆነ። ስድስት ዓመት ያለ አጥንት ያሳደገው ውሻ በሰው አፍ ይህን ያህል መግዘፉን ከዚያ በፊት አልሰማም ነበር። ለአፍታ፣ ነገሩ አልቋል፣ ይከፍላታል ብዬ ነበር።

ደምመላሽን ግን ደስታ እንኳ ከሒሳብ አያዘናጋውም። ሽፋኑን ከሸምሱ እጅ ተቀብሎ በደንብ አየው። ገና አሁን ነው በሩን የለየው። ጣቱን በሩ ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ ሰንሰለቱ ላይ።

«ይሄ በር የእኔ ነው። ሰንሰለቱም የእኔ ነው» አለ። «በራሴ በርና በራሴ ሰንሰለት አሥራ አምስት ሺህ ልትጠይቂኝ ነው? ኪራይ የምጠይቅሽስ እኔ ነኝ። ያንቺ ድርሻ ጭራቁ ብቻ ነበር፤ እሱንም አላመጣሽም። ልጄ፣ እኔ ላላየሁት ነገር ከፍዬ አላውቅም። ጭራቁ የታለ?»

ውዳላት አጣምራ የያዘችውን እጇን ፈታች።

«ጭራቁማ ሱሉልታ ነው፣ ጋሼ» አለች በትሕትና። «አንበሴ ጋ ላክሁት። ሁለቱም ሲያዩዋቸው አያስፈሩም።»

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጠው ዋና ጠራዤ ነው፤ ሳቁን ሳል ለማስመሰል ሞከረ፣ አልሆነለትም። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ደምመላሽ ቆጣሪ ሰው ስለሆነ ምርጫውንም ቆጥሮታል። ሽፋኑ አያስፈራም ካለ፣ በሩም አያስፈራም ማለት ነው። በሩ ያስፈራል ካለ፣ መክፈሉ ነው። ሦስተኛ መንገድ ፈልጎ አጣ።

እሱ ያንን እያሰላ ሳለ ሸምሱ ሚዛኑን እንደያዘ ቀና አለ።

«ውሻው ሱሉልታ ነው እንዴ ያለው?» አለ።

ደምመላሽ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ከተተ። አሥራ አምስት ሺህ ብር አወጣና ለውዳላት ሰጣት፤ በሠላሳ ዓመት ትውውቃችን ሁለት ጊዜ ሳይቆጥር ሲከፍል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ነገሩ ቶሎ እንዲዘጋ ፈልጎ ነው። እሷ ግን ፊቱ ላይ ቆጠረችው፤ አንድ ባለ ሁለት መቶ ብር ጎድሎ ነበር፤ አስሞላችው።

ሸምሱ ጆንያዎቹን ሰብስቦ፣ ሚዛኑን ተሸክሞ፣ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። «ስድስት ዓመት» ሲል ሰምቼዋለሁ።

አንድ ሺህ ሦስት መቶውን በአዲሱ ሽፋን ጠረዝናቸው። መጻሕፍት ቤቶቹ አሁን ከልጆች ተረት ጋር አላስቀመጡትም። ገዢው ሁሉ እንደ ሸምሱ ያደርጋል አሉ፤ አንስቶ ያያል፣ ገልብጦ ጀርባውን ያያል፣ ከበሩ ኋላ ምን እንዳለ ባለሱቁን ይጠይቃል። ባለሱቁም ሦስት መቶ ብር ነው ብሎ ይመልስለታል። ክረምቱ ሳይገባ አለቀ፤ ውዳላት ለሁለተኛው እትም ሽፋን ሃያ አምስት ሺህ ጠየቀች፤ ደምመላሽም ስለ አንበሴ ሌላ ነገር እንዳታነሳ ብሎ በሃያ ሁለት ተስማማ።

ደምመላሽ ያን ዓርብ ሁሉን ነገር ቆጥሯል። አውሬውን ቆጥሯል፣ ጨለማውን በስንዝር ለክቷል። በክፍሉ ውስጥ የነበረውን ጆሮ ግን አልቆጠረም። ሸምሱ ሐቀኛ ሰው ነው፤ የሰው መርፌ አይነካም። ሥራው ግን በር ለበር ነው፣ ምላሱም እንደ ጆንያው ያገኘውን ሁሉ ትሸከማለች። እየዞረ ለጠርሙስ ሻጩም ለጋዜጣ ሻጩም ሲያጫውት ከረመ። ወሬው ከበር ወደ በር ሲሄድ መስማት የማይገባው ሰው ጆሮ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት የደምመላሽ ግቢ ቧንቧ ተፈትቶ ተወሰደ። በዚህኛው ጊዜ ጭቃው ላይ አንድ ዱካ ብቻ ነበር።

ደምመላሽ ቀለም ቀቢ ጠርቶ «ተናካሽ ውሻ አለ» ከሚለው ሥር «የምር» የሚል አስጨመረ። ሸምሱ አሁን በዚያ በር ሲያልፍ ቆም ብሎ ያነበውና፣ ከሌላው በር ሁሉ አስበልጦ ይጮኽበታል።

ሒሳቡ እንዲህ ተዘጋ። ገቢ፦ አሥር ሺህ ሊያወጣ ከነበረ ወረቀት ሦስት መቶ ዘጠና ሺህ ብር። ወጪ፦ ለሽፋኑ አሥራ አምስት ሺህ፣ ለቀለም ቀቢው አምስት መቶ። ኪሳራ፦ አንድ የነሐስ ቧንቧና አንድ የማይበላ ውሻ።